ዲግሪ የሚሰጠን ግቢ የራሱ ዲግሪ ስንት ነው?

ማታ ማታ ከዜና በኋላ የአየር ትንበያ ይመጣል። «አዲስ አበባ፣ ከፍተኛው 24፣ ዝቅተኛው 10» ይለናል። እኛም «እሺ» ብለን ነገ ጃኬት መያዝ አለመያዛችንን እንወስናለን። ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ግን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ጆሯችን እስኪደነቁር የሰማነው አንድ ምክር አለ፤ ምንጩን ያልጠየቃችሁትን ቁጥር አትጻፉ። ማን አለው? የት ሆኖ? መቼ? በምን አወቀ? እነዚህን ጥያቄዎች ለባለሥልጣን መግለጫ እናቀርባለን፤ ለጤፍ ዋጋም እናቀርባለን። ለቴርሞሜትር ግን ማንም ሲያቀርብ አይታይም። ዲግሪ ስላለው ይሆናል መሰል፣ ሁሉም አምኖት ዝም ብሏል።

እስቲ ዛሬ እንጠይቅ። 24 ዲግሪው የየት ነው? የእንጦጦ ነው? የአቃቂ ነው? የመርካቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው? አዲስ አበባ በደቡብ ጫፏ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትጀምርና በሰሜን እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር ታልፋለች። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሒሳቡን ሥሩት፤ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት በከፍታ ምክንያት ብቻ ይመጣል። በቴሌቪዥን የሚነገረን ቁጥር ውሸት አይደለም። ለተለካበት ቦታ እውነት ነው። ችግሩ የሚመጣው የአንድን ቦታ እውነት የሁላችን እውነት ስናደርገው ነው።

«የኔ ስልክ እኮ የቆምኩበትን ቦታ ይነግረኛል» የምትሉም አትጠፉም። አይነግራችሁም። ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ስልኩ አልለካውም፤ ከትንበያ ሞዴል የመጣ ግምት ነው። ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ምድርን የሚከፋፍሏት ጎናቸው በግምት ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ነው። ከስድስት ኪሎ እስከ ቦሌ ያለው ሁሉ አንድ ካሬ ውስጥ ሊጠቃለል ይችላል ማለት ነው። ለሞዴሉ ስድስት ኪሎ በብርድ እጇን እያሻሸች የምትቸክለው ተማሪና ቦሌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ የያዘው ጎረምሳ አንድ ሰው ናቸው።

ትልቁን ልዩነት እንኳ እናውቀዋለን። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው አገሩን በከፍታና በአየሩ ከፋፍለው ያስረከቡን ሰዎች ያለ ሳተላይት ነው የሠሩት። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ስለ ትንሹ ልዩነት ነው። በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ስላለው ደጋና ቆላ። ባለሙያዎቹ ማይክሮክላይሜት ይሉታል። እኛ «የጥግ አየር» ብንለው የሚከፋው ያለ አይመስለንም።

ግቢ የኖረ ሁሉ የጥግ አየርን ያውቃል። በታኅሣሥ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ ተደግፎ እንደ እንሽላሊት ይሰለፋል፤ ከሕንፃው ጀርባ ያለው አግዳሚ ላይ ግን አንድ ሰው አይቀመጥም። የትኛው ዶርም ሌሊት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ የትኛው ክፍል ከሰዓት በኋላ ምድጃ እንደሚሆን፣ ነፋስ በየትኛው ሁለት ሕንፃ መካከል ወረቀት ከእጅ እንደሚነጥቅ ሲኒየር ለፍሬሽ ይነግራል። እውቀቱ አለ። ግን በወሬ ይተላለፋል እንጂ አልተለካም፣ አልተጻፈም። አዲስ ሕንፃ የት ይቁም፣ የትኛው ዛፍ ይቆረጥ፣ የትኛው ሜዳ ኮብልስቶን ይልበስ ተብሎ ሲወሰን ደግሞ ወሬ ወንበር አይሰጠውም። ወንበር የሚሰጠው ለቁጥርና ለካርታ ነው።

እንግዲህ ነገራችን ይኸው ነው፦ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ግቢ የጥግ አየር ካርታ፣ በራሱ ተማሪዎች እጅ በተለካ መረጃ ይሥራ። ከሚቀጥለው ሕንፃ በፊት። ከሚቀጥለው ዛፍ መቆረጥ በፊት።

አንድ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ከፀሐይ እንጀምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት (ይኼኛው ደግሞ ሌላ ዲግሪ ነው፤ ዛሬ ዲግሪ በዛብን)። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ሌሊቱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት በኅዳርና በታኅሣሥ መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ዶርም ቀን ፀሐይ ሲጠግብ ይውላል፤ ከኮሪደሩ ማዶ፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሆነው ክፍል ግን ቀጥተኛ ፀሐይ አያይም። በሰኔ ተራው ለሰሜኑ ሲደርስ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ ደመናው ይሸፍነዋል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ፣ አምስት እርምጃ ልዩነት፤ አንዷ በነጠላ ስታጠና ሌላዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ። ውጤታቸው ሲለጠፍ ግን ይህን የሚያሳይ ዓምድ የለም።

ቀጥሎ ሌሊቱ። ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። እሷን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈሳል። ወንዝ ወንዙን ይዞ ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ተዳፋት ላይ በተሠራ ግቢ ውስጥ ከታች ያለው ዶርም ከላይኛው ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። «ከፍ ያለ ቦታ ይበርዳል» የሚለው ሕግ ጎሕ ሳይቀድ በፊት ተገልብጦ ይገኛል።

ከዚያ ወለሉ አለ። አስፋልት፣ ኮንክሪትና ጥቁር ድንጋይ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣሉ፤ ማታ ቀስ እያሉ ይተፉታል። ሣርና እርጥብ አፈር ግን ከፀሐይ የሚደርሳቸውን ጉልበት ብዙውን ውኃ በማትነን ያጠፉታል። ዛፍ ደግሞ ሁለቱንም ይሠራል፤ ጥላ ይጥላል፣ በቅጠሉም ውኃ ይተነፍሳል። ለምርጫ ቅስቀሳ ያህል «ዛፍ ሁልጊዜ ጥሩ ነው» ብለን ማለፍ ይቻል ነበር። ግን መለካት ያለበት ለዚህ ነው። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ በተሳሳተ ጎን ከቆመ በታኅሣሥ ጠዋት የምንናፍቃትን ፀሐይ ይነጥቀናል። ያው ዛፍ በምዕራብ በኩል ቢሆን ኖሮ ቀኑ በሚሞቅበት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ግድግዳውን ከሚያቃጥለው የከሰዓት ፀሐይ ባዳነን ነበር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአረንጓዴ አሻራ ስም ችግኝ ይዘን እንወጣለን፤ ደግ ነው። የት እንትከል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ «ባዶ ቦታ የተገኘበት» መሆን አልነበረበትም።

ይህ ሁሉ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሉክ ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። ዛሬ ዓለም ደመናን የሚጠራባቸውን ዋና ዋና ስሞች ያወጣው እሱ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1818 ስለ ለንደን የአየር ጠባይ የጻፈውን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመ። ከከተማው ውጪ የለካውን መሐል ከተማ ከተለካው ጋር አስተያይቶ፣ ሌሊት ሌሊት ከተማው በአማካይ ወደ 2 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚሞቅ አሳየ። ኮምፒውተር የለ፣ ሳተላይት የለ። ቴርሞሜትር፣ ደብተርና የማይሰለች ሰው ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1927 ደግሞ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ጋይገር መሬት አጠገብ ስላለው አየር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ፤ የጥግ አየር ጥናት ራሱን ችሎ የቆመው በዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅርቡ ደግሞ አሜሪካ፣ በረሃማው አሪዞና ውስጥ፣ አሪያን ሚደል የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ «ማርቲ» የሚል ስም ያወጡላትን ጋሪ በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቴምፒ ግቢ ውስጥ እየገፉ ይለካሉ። ጋሪዋ የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱን፣ ከስድስት አቅጣጫ የሚመጣውን ጨረርና የቆመችበትን ቦታ አንድ ላይ ትመዘግባለች። ጨረሩ ለምን አስፈለገ? ጥላ ሥርና ፀሐይ ላይ ያለው የአየር ሙቀት ብዙ ላይለያይ ይችላል፤ ሰውነታችን የሚሰማው ልዩነት ግን የትየለሌ ነው። ከላይ ፀሐይ፣ ከታች አስፋልት፣ ከጎን ግድግዳ ይተኩስብናል። «ዛሬ ያን ያህል አይሞቅም፣ ቴርሞሜትሩን እዩት» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

እኛስ? እኛ ከዜሮ የምንነሳ አይደለንም። አራት ኪሎ ያለው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957–58 ከተከበረው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ነው። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የጀመረው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ሚቲዎሮሎጂ ያስተምራል። ስድስት ኪሎ ደግሞ ግቢው ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የቤተ መንግሥት ዘመን አትክልት፣ ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የተጨመረ ኮንክሪትና አስፋልት ጎን ለጎን ቆመዋል። ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

አሠራሩም አያስፈራም። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ትንንሽ መዝጋቢ መሣሪያዎችን በተመረጡ ጥጎች ሰቅሎ በየ10 ደቂቃው እንዲጽፉ መተው ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያ ይዞ ግቢውን በእግር መዞር ነው። ዋናው ሥርዓቱ ነው። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ቴርሞሜትር ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በሚያስገባ መከለያ ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። ፀሐይ ላይ በቀጥታ የተያዘ ቴርሞሜትር የራሱን ትኩሳት እንጂ የአየሩን አይነግረንም። ሁሉም መሣሪያ ከመሰማራቱ በፊት አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ አድሮ መነጻጸር አለበት፤ አለዚያ የለካነው የጥጎቹን ልዩነት ይሁን የመሣሪያዎቹን ጠብ አይታወቅም። በእግር የሚዞር ሰው ደግሞ አንድ ሰዓት ሲዞር አየሩ ራሱ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ መነሻው ላይ አንድ መሣሪያ ተተክሎ መቅረት አለበት፤ በሰዓቱ የመጣው ለውጥ ከእሱ ታይቶ ይቀነሳል። ሰዓቱም ይመረጣል፤ ፀሐይ ልትወጣ ስትል 12 ሰዓት ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ። ደግሞም የአንድ ቀን ዙር ካርታ አይሆንም። ደመናማው ክረምት ልዩነቱን ያጠበዋል፣ ጥርት ያለው በጋ ያሰፋዋል። ዓመቱን ሙሉ ካልሆነም ቢያንስ ሁለቱን ወቅት ማየት ያስፈልጋል።

ጂኦግራፊ ካርታውን ይሳል፣ ፊዚክስ መሣሪያውን ይፈትሽ፣ ስታትስቲክስ ሒሳቡን ይያዝ፣ አርክቴክቸር ከውጤቱ ይማር። ጋዜጠኝነት ደግሞ ውጤቱን በሰው ቋንቋ ይጻፍ፤ ሥራ አጣን ብለን የምናማርረው እኛ አይደለንም እንዴ?

«ተማሪው ዳቦው አነሰ እያለ እናንተ ቴርሞሜትር ትላላችሁ» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ሐቅ አለው። ግን ልብ በሉ፤ ሕንፃ ይሠራል፣ ገንዘቡ ይወጣል፣ እኛ ለካንም አልለካንም። ጥያቄው ይህ ሁሉ ሲሚንቶ ዓይኑን ጨፍኖ ይፍሰስ ወይስ ዓይኑን ገልጦ ነው። የተሳሳተ ጎን ላይ የተከፈተ መስኮት 50 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ነው። ከፋዩ ደግሞ ንድፉን ያጸደቀው ሰው ሳይሆን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚመደበው ልጅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበናል። «ጥናት ሞልቷል፤ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል» የሚለው። እውነት ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ለውጤት ብቻ ተጽፎ፣ መረጃው ከተመራቂው ፍላሽ ጋር አብሮ ጠፍቷል? ስለዚህ ካርታው የአንድ ሰው መመረቂያ እንዳይሆን። በየዓመቱ የሚገባው ተማሪ ከወጣው እየተረከበ የሚቀጥለው መዝገብ ይሁን። ጥሬ ቁጥሩ ለማንም ክፍት ይሁን። ካርታው ታትሞ ላይብረሪው በር ላይ ይለጠፍ፤ ከዶርም ምደባው ዝርዝር ጎን። ያን ጊዜ «እኔ ለምን ሰሜኑ ጥግ ደረሰኝ?» የምትል ተማሪ ከቅሬታዋ ጋር ማስረጃ ይዛ ትቀርባለች።

እዚህ ላይ እኛ ሴቶች የምንጨምረው አለን። በቀን በጣም የሚያምረው፣ በጣም የሚቀዘቅዘው፣ ዛፍ የተጋረደው መንገድ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የማንሄድበት መንገድ ነው። ቴርሞሜትር ብርድን እንጂ ፍርሃትን አይለካም። የወንድ ተማሪዎች ቡድን ብቻውን ዞሮ የሠራው ካርታ «ምቹ ጥግ» ብሎ አረንጓዴ የሚቀባው ቦታ ለእኛ ጥቁር ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ዛፉን መቁረጥ አይደለም፤ መብራት መትከል ነው። ግን ይህ እንዲታወቅ ከለኪዎቹ መካከል ሴቶች መኖር አለባቸው፤ ከዲግሪው አጠገብም «እዚህ ማታ ትቀመጫለሽ?» የሚል አንድ ዓምድ መጨመር አለበት።

ነገሩ የአዲስ አበባ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ደግሞ ካርታ ይዘርጋ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች። ሁለቱም ከተሞች ዩኒቨርሲቲ አላቸው። በመካከላቸው ያለው የ2,300 ሜትር ልዩነት፣ ቀደም ባልነው ሒሳብ፣ ወደ 15 ዲግሪ ይመጣል። አንድ ዓይነት የዶርም ንድፍ ሁለቱም ቦታ ቢቆም አንዱ ጋ ተማሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ጋ ይቀቀላል። ሰመራ ላይ ከዶርም ወደ መማሪያ ክፍል የሚወስደው መንገድ ጥላ አለው ወይ የሚለው ጥያቄ የውበት ጥያቄ አይደለም፤ የጤና ጥያቄ ነው። ዓለም እየሞቀች ባለችበት በዚህ ዘመን ደግሞ ጥያቄው በየዓመቱ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ አስተዳደሮች የምንለው አጭር ነው። ከሚቀጥለው የግንባታ ውል ጋር የግቢው የጥግ አየር ካርታ አብሮ ይቅረብ። ካርታ ከሌለ «የለንም» ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ ቦታውም ይታይ። ለተማሪዎች የምንለው ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። አስተዳደሩ እስኪፈቅድ የሚያስጠብቅ ነገር የለም። አሥር ሆናችሁ፣ አሥር ተመሳሳይ ቴርሞሜትር ይዛችሁ፣ አሥር ጥግ ምረጡ፤ ቅዳሜ 12 ሰዓት ንጋት ላይ ለኩ፣ 9 ሰዓት ላይ ድገሙ። ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውን፣ ሰማዩ ደመና እንደነበረው እንዳልነበረው ጻፉ። የለካው ሰው ስሙን ይፈርምበት።

የሚቀጥለው ዛፍ ሥር መጋዝ ይዞ የቆመ ሰው «ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ «ያምራል» ከማለት ይልቅ የምናነብለት ቁጥር ይኑረን።